የጽዋ ማኅበር ድግስ ፉክክር ሲሆን፦ ጽዋውን ወደ ትሕትናው እንዴት እንመልሰው?

ተረኛ

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

የብዙ ማኅበራት ችግር የሆነ ነገር ላንሣ፤ የምታውቁ በዝርዝር መልሱልኝ። የጽዋ ማኅበር ሲመሠረት ብዙ ጊዜ 12 ሰው ሆኖ ነው። ሚካኤል ከሆነ በ12፣ ማርያም ከሆነ በ21፣ መድኃኔ ዓለም ከሆነ በ27 አንዱ ተረኛ ይዘክራል፤ ለእያንዳንዱ በዓመት አንዴ ይደርሰዋል። በመጀመሪያው ዓመት ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ጠላ ነው። በሁለተኛው ዓመት አንዱ ዶሮ ይጨምራል። ቀጥሎ ያለው ተረኛ በግ ያርዳል። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ድንኳን ይተከላል፣ ለስላሳ በሳጥን ይገባል፣ ፎቶ አንሺ ይቆማል። ከዚያ ተራዋ ሐምሌ ላይ የሆነ አንዲት እናት ሰኔ ላይ «አሞኛል» ብላ ትቀራለች። ሐምሌንም ነሐሴንም አትመጣም። ውጪ ያላት የለም፤ ያስወጣት ድግሱ ነው።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ድግሱን ደንብ አውጥቶ መገደብ ይቻላል ወይስ ሰው በልቡ ካልመጣ ዋጋ የለውም? መጠኑስ ስንት ቢሆን ተገቢ ነው? ደግሶ ለለመደው ሰው ነገሩን የሚነግረው ማን ነው?

የጉባኤ ቤት ተማሪ

ወንድማችን፣ ችግሩ አዲስ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 ከቁጥር 17 ጀምሮ የገሠጸው ይህንኑ ነው። አንዱ ይራባል፣ አንዱ ይሰክራል፤ የሌላቸውን ታሳፍራላችሁ ይላቸዋል። ልብ በሉ፣ መብላታቸውን አልከለከለም፤ «ቤት የላችሁምን?» ነው ያላቸው። የቤት ድግስ በቤት ይደረግ፣ ማኅበር ሲሆን ግን ሌላ ሚዛን አለ ማለቱ ነው።

የዝክሩን ሚዛን ደግሞ ጌታ ራሱ በማቴዎስ 10፥42 አስቀምጦታል። በደቀ መዝሙር ስም የሚሰጥ ቀዝቃዛ ጽዋ ውኃ ዋጋው አይጠፋም። ከቅዱሳን ስም ጋር ተያይዞ ዋጋ ያለው የተባለው ትንሹ መስተንግዶ ውኃ ነው። ስለዚህ ዳቦና ጠላ ያቀረበ ተረኛ ጎደለብኝ ብሎ የሚያፍርበት ምክንያት የለውም፤ ከተባለው በላይ አቅርቧል።

ስለ ሥርዓቱ ልጨምር፤ ፉክክር መጀመሪያ የሚበላው ምግቡን ሳይሆን ጸሎቱን ነውና። ማኅበር በጸሎት ይከፈታል፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ይደርሳል፣ የቅዱሱ ድርሳን ወይም ገድል ይነበባል፣ አጭር ትምህርት ይሰጣል፣ ካህኑ ዳቦውንና ጽዋውን ይባርካሉ፤ በመጨረሻ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። ወጡ ሲበዛ ምን ይሆናል? «ይቀዘቅዛል» ተብሎ ንባቡ ወደ ሁለት አንቀጽ ይወርዳል። ድርሳነ ሚካኤል ለምሳሌ በየወሩ የሚነበበው ተለይቶ የተዘጋጀ ነው። አንድ ወር ሲዘለል የዚያ ወር ንባብ ለአንድ ዓመት ይቀራል፤ ሦስት ዓመት ሲዘለል ማኅበርተኛው የሚዘክረው መልአክ ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይዘክራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ይሁን፦ መጽሐፉ ሳይከደን መሶብ አይከፈት።

ጓዳ

መጠን ለጠየቃችሁት ልመልስ። 12 ማኅበርተኛ ሲባል ከቤተሰቡና ከካህኑ ጋር ወደ 25 ሰው ይመጣል ብላችሁ አስቡ።

ከ3 ኪሎ ዱቄት የሚወጣ አንድ ድፎ ለ25 ሰው ይበቃል። ማታ ተቦክቶ ያድራል፣ ጥቁር አዝሙድ ይገባበታል፣ በኮባ ይጋገራል። ሁለት ድፎ መጋገር አያስፈልግም፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ ተርፎ ይደርቃል። ቆሎ 2 ኪሎ ገብስ ከግማሽ ኪሎ ሽምብራ ጋር። ጠላ 20 ሊትር፤ ለሰው ሦስት ሦስት ብርጭቆ ይደርሳል። ጠላው ከ10 እስከ 15 ቀን አስቀድሞ ካልተጠነሰሰ ጉሽ ሆኖ ሆድ ይነፋል፤ ተረኛዋ ጊዜ ካጣች ብርዝ ታቅርብ፣ እሱም ካልሆነ ውኃ። ምግብ ካስፈለገ አንድ ወጥ። ሽሮ ከሆነ አንድ ኪሎ ተኩል ሽሮ፣ እንጀራ 50። በቃ።

«አንድ ወጥ» የሚለውን አጥብቃችሁ ጻፉት። «ቀለል ያለ ድግስ» ተብሎ የተጻፈ ደንብ አይሠራም፤ ለአንዷ ቀላል የሆነው ለሌላዋ የወር ደመወዝ ነው። ቁጥር ያለው ደንብ ግን ድሃዋን ይሸፍናታል። ሽሮ ብቻ ያቀረበችው አጥታ ነው ወይስ ደንብ አክብራ ነው የሚለውን ማንም ሊለየው አይችልም።

ሌላው የተዘነጋ ነገር ያልመጣ ሰው ድርሻ ነው። ዳቦው ሲቆረስ ሌላው ከመብላቱ በፊት የታመመና ሥራ ያደረበት ድርሻው ተቆርጦ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቀለል። ከተበላ በኋላ የሚላክ ትራፊ ነው፤ አስቀድሞ የሚቆረጥ ግን ድርሻ ነው። የተቀባዩ ልብ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ባለ ስለት

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። እግዚአብሔር የሰጠው ሰው በደስታ ቢደግስ ለምን በደንብ ይታሰራል? አባታችን አብርሃም እንግዶቹን ሲቀበል ሦስት መስፈሪያ ዱቄት አስቦክቶ፣ ጥጃ አሳርዶ፣ እርጎና ወተት አቅርቦ ነው፤ ይህም ተመሰገነለት። ስለት ያለበት ሰው «አንድ ወጥ ብቻ» ሲባል ስለቱን የት ያድርሰው? ትሕትና እኮ በምግብ ቁጥር አይለካም። ሽሮ አቅርቦ በሽሮው የሚታበይም አለ።

የጉባኤ ቤት ተማሪ

የመጨረሻው ቃልዎ ትክክል ነው፤ አልከራከርበትም። በሽሮም ይታበያሉ። ፈሪሳዊው በሉቃስ 18 የተመካው በመብላቱ ሳይሆን በሳምንት ሁለት ጊዜ በመጾሙ ነበር።

የአብርሃምን ግን በደንብ እንየው። የተቀበላቸው መንገደኞች ናቸው፤ ብድር የሚመልሱ ጎረቤቶች አይደሉም። ጌታ በሉቃስ 14፥12-14 ወዳጆችህንና ባለጠጎች ጎረቤቶችህን አትጥራ፣ ድሆችንና ጉንድሾችን ጥራ ያለው ለዚህ ነው። በማኅበር ውስጥ የተደገሰ በግ በተራው በሌላ በግ ይመለሳል፤ በዚያው ብድር ይሆናል። ያው በግ በቤተ ክርስቲያኑ በር ለተቀመጡት ነዳያን ሲታረድ ግን የሚመልሰው የለም። ስለቱም ሳይጎድል ይደርሳል፣ ማንም አያፍርም።

አፈጻጸሙ ይህን ይመስላል። ባለ ስለቱ ለሙሴው (ለማኅበሩ መሪ) ወይም ለንስሐ አባቱ ብቻ ይነግራል። ምግቡ በዝክሩ ዕለት ሳይሆን በሌላ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ለነዳያን ይቀርባል። በማኅበሩ ውስጥ «እገሌ አበላ» ተብሎ አይነገርም። ስሙ እንዲጠራለት ከፈለገ በጸሎት ይጠራለት፤ የክርስትና ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ገንዘብ ያዥ

ደንብ ብቻውን አይበቃም፤ ገንዘቡም መንገድ ሊበጅለት ይገባል። ፉክክሩን የሚገታው ዋናው ነገር ዝክሩ ከተረኛው ኪስ ሳይሆን ከማኅበሩ ሣጥን እንዲወጣ ማድረግ ነው። ምሳሌ፦ 12 ሰው በወር 200 ብር ቢያዋጣ 2,400 ብር ነው። ከዚያ ላይ ለዝክር የሚበቃው ተቆርጦ ለተረኛው ይሰጣል፣ የቀረው ለታመመና ለተቸገረ ይቀመጣል። ድሃውም ባለጠጋውም በአንድ ገንዘብ ይዘክራሉ። መዋጮው ሲወሰን መለኪያው አነስተኛ ገቢ ያለው አባል ይሁን፤ አማካይ ከተወሰደ ከታች ያሉት ሦስቱ በዝምታ ይወጣሉ።

አሁን ደግሞ በየማኅበሩ የገባ አንድ ልማድ አለ። ሰው በቴሌብር ይልክና የደረሰኙን ፎቶ በቴሌግራም ግሩፑ ይለጥፋል። የመጀመሪያው 200 ይለጥፋል፣ ሁለተኛው 500፣ ሦስተኛው 1,000። ከታች «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ይጎርፋል። 200 ብር የላከው ፎቶውን መልሶ ያጠፋዋል። ማቴዎስ 6 ላይ በፊትህ መለከት አታስነፋ የተባለውን ሳናስበው በስልክ እየነፋነው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ደረሰኝ ለገንዘብ ያዥ በግል ይላክ፤ ግሩፑ ላይ በወር አንዴ ጠቅላላ ድምር ብቻ ይውጣ። «የዚህ ወር ገቢ ይህን ያህል፣ ወጪ ይህን ያህል፣ ቀሪ ይህን ያህል።» ስም የለበትም።

ስም አይጠራ ማለት ግን ሒሳብ አይያዝ ማለት አይደለም። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ «እርስ በርሳችን እንተማመናለን» ብለው ካርኒ ይተዋሉ። ለእያንዳንዱ መዋጮ ካርኒ ይቆረጥ። ሣጥን ሲከፈት ሁለት ሰው ይቁጠር፣ ሦስተኛው ይመዝግብ፣ ሦስቱም ይፈርሙ። የባንክ ሒሳቡ ከሦስት ፈራሚ በሁለቱ ይንቀሳቀስ። በሉቃስ 16፥10 በትንሽ የታመነ ያለው በሳንቲሟ ነው የሚጀመረው። ካርኒ የሚቆርጠው የሚጠረጥር ሰው አይደለም፤ «ነገ እኔም ልፈተን እችላለሁ» ብሎ ራሱን የሚያስጠብቅ ሰው ነው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ትሕትና የለም።

የዘገየ አባል ካለ የሚያውቁት ገንዘብ ያዡና ሙሴው ብቻ ይሁኑ። እስከ ሦስት ወር ዝም ይባል። ከዚያ ሙሴው ብቻውን ሄዶ «ችግር አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ እንጂ «ውዝፍ አለብህ» አይበል። ቸግሮት ከሆነ ከሣጥኑ ይከፈልለትና መዝገቡ ላይ እንደ ሌላው «ከፍሏል» ተብሎ ይጻፍ።

ከሜሪላንድ

ከአገር ውጭ ያለው መልክ ትንሽ ይለያል። ዕለቱ ሥራ ላይ ስለሚውል ዝክሩ ወደ ቅዳሜ ይዛወራል፣ ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ሰው ይበዛል። ተረኛው ጊዜ ስለሌለው ከምግብ ቤት ያዛል፤ ከዚያ ፉክክሩ ከየትኛው ምግብ ቤት ታዘዘ ወደሚል ይሸጋገራል። አዲስ የመጣ ሰው ሌላ ሰው ቤት በቤዝመንት ተከራይቶ ነው የሚኖረው። 25 ሰው የሚያስቀምጥበት ስለሌለው «ጽዋ ልግባ» ለማለት ያፍራል።

የሚሠራው ዘዴ ቤቱን ከተራው መለየት ነው። ማኅበሩ ሁልጊዜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሰብሰብ፤ ተረኛ ማለት ባለቤት ሳይሆን አገልጋይ ይሁን። አንድ ሰዓት ቀድሞ ይመጣል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ውኃ ያፈላል፣ በመጨረሻ ወለል ይጠርጋል፣ መጸዳጃ ቤቱን አጽድቶ ቆሻሻውን አውጥቶ መብራት አጥፍቶ ይወጣል። ዶክተሩም ታክሲ ነጂውም በተራው ይህንን ያደርጋል። የኮባ ቅጠል ስለማይገኝ ድፎው በመጋገሪያ ወረቀት ይጋገር፤ ጣዕሙ ትንሽ ይለያል፣ ዝክርነቱ ግን አይለወጥም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ሁሉም ከቤቱ አንድ አንድ ምግብ ይዞ ይምጣ» የሚለው ጥሩ ይመስላል፤ ግን የማን ሳህን አለቀ፣ የማን ተረፈ የሚል አዲስ ፉክክር ያመጣል። የግድ ከሆነ ምግቡ ጓዳ ውስጥ ተገልብጦ በአንድ ዓይነት ትሪ ይውጣ፤ የማን እንደሆነ አይታወቅ።

ወለተ ሐና

ከሜሪላንድ ለጻፉት አንድ ነገር ልጨምር። በዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን የዕረፍት ቀናቸውን ጠብቀው፣ ተዋጥተው በተከራዩት ክፍል ይሰበሰባሉ። እንደ ኩዌት ባለው አልኮል በሕግ በተከለከለበት አገር ጠላ አይታሰብም፤ ጽዋው በውኃ ይሞላል፣ ከዳቦ ጋር ቴምር ይቀርባል። የጉባኤ ቤት ተማሪ ከጠቀሱት ከማቴዎስ 10፥42 ጋር ቃል በቃል የሚገጥመው የእነርሱ ነው። መጠኑ ስንት ይሁን ለሚለው ከዚህ በላይ መልስ አላውቅም።

ሌላው ስለ እጅ ማስታጠብ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። በብዙ ቤት ማስታጠቢያውን የምትይዘው ተቀጥራ የምትሠራው ልጅ ናት። ይህን ለሙሴው ወይም በማኅበሩ ውስጥ ትልቅ ሥራ ላለው ሰው ስጡት። ፎጣውን በትከሻው ጣል አድርጎ፣ በቀኙ ኩስኩስቱን፣ በግራው ማስታጠቢያውን ይዞ፣ ለእያንዳንዱ ጎንበስ እያለ ውኃውን በዝግታ ያፍስስ። ከአለቃው ሳይሆን ከበሩ አጠገብ ከተቀመጠው ይጀምር። 25 ጊዜ ጎንበስ ማለት ወገብ ያሳምማል፤ ያ ሕመም ሳይነገር ያስተምራል። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ሲያጥቡ የምናየውን፣ ዮሐንስ 13 ላይ ያለውን፣ በዓመት አንዴ ብቻ ለምን እናየዋለን? ልጅቷም በዚያ ሰዓት ከማኅበርተኛው ጋር ትቀመጥ፤ ቁራሿን በእጇ ትቀበል።

ዘመክሊት

ማን ይንገረው ለተባለው። አንደኛ፣ በጉባኤ መካከል ማንም አይነካ። ደንቡ ሲወጣ «ካለፈው ወር ጀምሮ እንዳየነው» የሚል ቃል ከገባበት ያለፈው ወር ተረኛ ተሰደበ ማለት ነው። ደንቡ ከአዲስ ዓመት ይጀምር፤ ከመስከረም ሲጀምር የማንም ስም አይነካም። ሁለተኛ፣ ከመውጣቱ በፊት ሙሴው በብዛት የደገሰውን ሰው ብቻውን አግኝቶ ሐሳቡን እርሱ ራሱ እንዲያቀርበው ይጠይቀው። «አንተ ብታነሣው ይሰማል» ይበለው። ይህ ማታለል አይደለም፣ እውነት ነው። ሽሮ ይብቃን የሚለው ድሃው ሲሆን ችግሩን የተናገረ ያስመስለዋል፤ ባለጠጋው ሲለው ግን ለሌላው መጠለያ ይሆናል።

ማኅበሩ ሰውን ለመውቀስ ሲቀመጥ የአባ ሙሴ ጸሊምን ነገር አስቡ፤ ሰኔ 24 የምናስበው በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ ገዳም የኖረው ኢትዮጵያዊ አባት። ባጠፋ ወንድም ላይ ሊፈርዱ ሲጠሩት ቀዳዳ ዘንቢል አሸዋ ሞልቶ ተሸክሞ ገባ። አሸዋው ከኋላው ይፈስ ነበር። ምንድን ነው ቢሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ አላየውም፤ ዛሬ በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ወንድሙንም ማሩት።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ሙሴ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ሲመረጥ «እኔ አልበቃም፣ ኃጢአተኛ ነኝ» እያለ ሦስት ጊዜ የሚለመን ሰው በየማኅበሩ አለ። ይህን ሁልጊዜ ትሕትና አትበሉት። በማቴዎስ 25 መክሊቱን የቀበረው ሦስተኛው አገልጋይም ምክንያቱ «ፈራሁ» ነበር። በገብር ኄር ሰንበት የምንሰማውን ምስጋና ደግሞ ቁጥር 21ንና 23ን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። አምስት ለተቀበለውና ሁለት ለተቀበለው የተነገረው ቃል አንድ ነው። ጌታው አምስቱን ከሁለቱ አላበላለጠም፤ የጠየቀው ታማኝነትን ነው። አንድ ጊዜ «ከአቅሜ በላይ እንዳይሆን እፈራለሁ፣ ካመናችሁብኝ ግን አገለግላለሁ» ማለት ይበቃል።

ባለ ስለት

ዘመክሊት፣ አባቶቻችን ከሹመት ይሸሹ እንደነበር ግን አይርሱ። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ቅስና ሲሾም ሸሽቷል።

ዘመክሊት

ሸሽቷል፤ ግን ተመልሷል። ተመልሶም ያን ሕዝብ አገልግሏል። የእኛ ሽሽት መመለስ የሌለበት ወይም ልመና ፍለጋ ሲሆን ነው ችግሩ። ልዩነቱን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፦ «እሺ እንግዲያው ሌላ ሰው እንምረጥ» ሲባል ቅር የሚለው ሰው መጀመሪያም እምቢ አላለም።

ይህ ቅሬታ በልብ ካለ ወደ ንስሐ አባት ይወሰድ። ሲነገርም «አባቴ፣ ትዕቢተኛ ነኝ» ብቻ ከሆነ ለመናገርም ለመስማትም ቀላል ነው፤ አንዳንዴ እንዲያውም ምስጋና ያመጣል። «በተራዬ ከእገሌ እንዳላንስ ብዬ 8,000 ብር ተበድሬ ደገስኩ» ማለት ግን ያሳፍራል፣ ያድናልም። ስግደት ቢታዘዝ ቁጥሩ ለማኅበርተኛ አይነገር። ጉልበት የሚያመው ሰው ለአባቱ ይንገር፣ ይለውጡለታል፤ ደብቆ ሰግዶ አልጋ ላይ መዋል አይገባም። በእሑድና በበዓለ ሃምሳም አይሰገድም።

ተረኛ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ባለ ስለትንም ጭምር፤ የነዳያኑ ነገር በእርስዎ ጥያቄ ነው የተገኘው። የሰማሁትን በረቂቅ እንዲህ ጽፌዋለሁ፣ አርሙኝ፦

«ከመስከረም ጀምሮ ዝክር ከማኅበሩ ሣጥን ይሆናል። አንድ ድፎ፣ ቆሎ፣ ጠላ ወይም ውኃ፣ ቢበዛ አንድ ወጥ። የጾም ቀን ከሆነ የጾም። መጽሐፉ ሳይከደን መሶብ አይከፈትም። የመዋጮ ደረሰኝ በግሩፕ አይለጠፍም። ያልመጣ ድርሻ አስቀድሞ ይቆረጣል። የሚያስታጥበው ሙሴው ነው። ከዚህ በላይ መስጠት የፈለገ በስውር ለነዳያን ይስጥ። ይህን ደንብ የተላለፈ 500 ብር ይቀጣል።»

ጓዳ

የመጨረሻውን መስመር ሰርዙት። 500 ብር ከፍሎ በግ የሚያርድ ይመጣል፤ ቅጣቱም የድግሱ አካል ይሆናል።

ገንዘብ ያዥ

እውነት ነው። በቅጣት ፈንታ «ከደንቡ በላይ የመጣ ምግብ ሳይከፈት ለነዳያን ይላካል» በሉት። ማንም አይሰደብም፣ ምግቡም አይባክንም።

ወለተ ሐና

ስለዚያች እናት ማንም አልመለሰም። ደንቡ ወጥቷል ብላችሁ በስልክ አትንገሯት፤ በእርሷ ምክንያት የወጣ ይመስላታል። ሁለት ሴቶች ሆናችሁ ሂዱ፣ አራት አትሁኑ። የሐምሌንና የነሐሴን ድርሻ ዳቦ ይዛችሁ ሂዱ። ተቀመጡ፣ ቡና ካፈላች ጠጡ፣ ቸኩላችሁ አትነሡ። ገንዘብ፣ ውዝፍ፣ ደንብ የሚባል ቃል አይነሣ። ስትወጡ በር ላይ፣ የመስከረሙን ቀንና ሰዓት ነግራችሁ «ድርሳኑን አንቺ ታነቢልናለሽ» በሏት። ማንበብ ካልቻለች ደግሞ ጽዋውን ለተረኛው የምታስረክበው እርሷ ትሁን።